ቢሆነኝ

በቂርያት ጋት ዳርቻ፣ በመጋዘን በር ላይ፣
ዘበኛ ነኝ እኔ፣ ከምሽት እስከ ፀሐይ።
መዝገብ አለኝ አንድ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቃል ያልለወጠ፦
«ስድስት ሰዓት፤ ደኅና። ሰባት ሰዓት፤ ደኅና።»
አንዴ ብቻ አለ፣ «ድመት ገባችና
ወጣች» የሚል መስመር።
ሌላው ሁሉ ደኅና።
መጽሐፍ አለህ ቢሉኝ ይኸው ነው መጽሐፌ፤
ጧት ጧት አለቃዬ ይፈርማል ከደጃፌ፣
ሳያነበው።

የልጄ ልጅ ሞሪያ፣ ዐሥራ ሁለት ሊሞላት፣
«የቤተሰብ ታሪክ ጽፈሽ ነይ» ቢሏት፣
ቅጽ ይዛ መጣች፣ ነጥብ የተደረደረበት፦
«አያት የት ተወለደ? በየትኛው ዕለት?»
ነጥቡን በጣቴ ለካሁት፤ ሁለት ጣት አይሞላም።
ስድሳ ምናምን ዓመት በምን ብልሃት ይታጠፍ?
«ጃንዋሪ አንድ» አልኳት።
እርሳሷን አቆመች።
በተሰባበረ አማርኛዋ እንዲህ አለች፦
«እሜቴ ያልጋነሽም፣ አባ ፈረደም፣
አራተኛው ፎቅ ያለው፣ ያ የማይስቀውም፣
ሁላችሁ አንድ ቀን! መንታ ናችሁ እንዴ?»

ሳቄ መጣ። ከአውሮፕላን ወርደን፣
ገና ጆሯችን እየጮኸ፣
ጠረጴዛ ነበር፣ ጸሐፊ ነበረች።
«መቼ ተወለድክ?» አለች።
«ገብስ ሲያሸት ነው፣ ዝናቡ የዘገየ 'ለት፣
አንበጣው ባለፈ በማግሥቱ» አልኳት።
አስተርጓሚው በአጭሩ፣ በጣም በአጭሩ ነገራት፤
አንድ ጻፈች፣ ቀጥላም አንድ።
ስሜንም «ቢሆነኝ» ብላት፣
ምላሷ ላይ ሰበረችው፣
«ቤኒ» ብላ አስገባችው።

አልከፋኝም ያኔ። ደክማ ነበር እሷም፤
ከኋላዬ ሰልፉ፣ ጫፉም አይታይም።

ግን ሞሪያ፣ ስሜ ስም ብቻ አይደለም።
አባቴ ጀምሮ ያልጨረሰው ቃል ነው።
ከእኔ በፊት ሁለት የቀበረ ሰው፣
አንስቶ አቀፈኝና
«ቢሆነኝ...» አለ፣
ዝም አለ።
ቢሆነኝ ምን? ቢሆነኝ ምን ሊያደርግ?
ሳልጠይቀው ሞተ።
እኔም ግማሹን ተሸክሜ
ማሰሪያ አንቀጽ ፍለጋ ይኸው እስከ ዛሬ።

«ከዚያስ?» አለች፣ እርሳሷን እየነከሰች።
ከዚያማ መንገድ ነው። መንገዱን ሰምታለች፤
በየበዓሉ ይነገራል፣ ጀግና ይበዛበታል።
በእኔ ውስጥ ጀግና የለም።
ጓንግ ወንዝ አለ፣ ጨረቃ የሌለው ሌሊት፣
የወንድሜ የታክሎ እጅ፣ ትኩስ፣ ላብ ያለበት።
እኔ ለቅቄው ይሆን? ወይስ እርሱ ለቆኝ?
እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ
አንድ ነገር ሳል ሳል ያሰኘኛል።
«ምን ብዬ ልጻፍ?»
«ወንዝ ተሻገሩ በይ።»
«በቃ?»
«በቃ። ደኅና።»

ዛሬ ሌሊት፣ ከዘበኛው ጎጆ፣
ጥላው የሄደችውን ደብተር ከፈትኩት።
በእሷ በኩል፣ ከቀኝ፣ የሒሳብ ሥራ አለ፣
ቀይ ምልክት፣ የተሳለ ፈረስ።
ገለበጥኩት። በእኔ በኩል፣ ከግራ፣
ንጹሕ ነው፤ እግር አልረገጠው።
የእሷ መጨረሻ የእኔ መጀመሪያ ነው።
እንግዲህ እጄ ልማዷ ነውና
«ስምንት ሰዓት፤ ደኅና» ብላ ጻፈች።
ሰረዝኩት።

ከሥሩ፦ «ገብስ ሲያሸት ተወለድኩ።»
ይህን አልሰረዝኩትም።
ከሥሩ፦ «ታክሎ የሚባል ወንድም ነበረኝ።
እጁ»

ውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ።
ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣
ሾፌሩ ስለ ብርዱ አማረረ፣ ተስማማሁ፣
ዘጋሁ።
ስመለስ ደብተሩ ላይ ድመት ተኝታለች፣
ቃሉን በሆዷ ሸፍና።
አልቀሰቀስኳትም።
መዝገቡን ሳብኩና ጻፍኩ፦
«ዘጠኝ ሰዓት። ድመት ገባች።
አልወጣችም።»